ጠዋት ውርጭ፣ ቀን እሳት፦ ዕፅዋት ቆዳችንን ከደጋ ፀሐይ ያድኑናል?

የሞላሌዋ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። መንዝ ውስጥ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ከማሳ ማሳ መዞር ነው። በዚህ በኅዳር ጠዋት 1 ሰዓት ከቤት ስወጣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የማገኘው። እጄን ከጋቢ ውስጥ አላወጣም። 5 ሰዓት ሲሆን ግን ፊቴ ይለበለባል። ማታ ስታጠብ ጉንጬ ውሃ አያስነካም።

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ደግሞ ማድያት ወጣብኝ። መጀመሪያ ጉንጬ ላይ ብቻ ነበር። አሁን ግንባሬንና ከአፍንጫዬ ሥር ያለውን ይዞታል። ያላዘዘልኝ ጎረቤት የለም። አንዷ ሎሚ በማር ትላለች። አንዷ ጤና አዳም ጨምቀሽ ተቀቢ ትላለች። አንዷ እርድ በወተት። ከተማ ያለች ጓደኛዬ ደግሞ የካሮት ዘይት ከሰንስክሪን፣ ከፀሐይ መከላከያው ክሬም፣ ይበልጣል የሚል ቪዲዮ ላከችልኝ። ሰንስክሪኑን ደብረ ብርሃን ሄጄ ጠይቄ ነበር። ዋጋውን ስሰማ ዝም ብዬ ወጣሁ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ከዕፅዋት የሚገኝ፣ ቆዳን ከፀሐይ በእርግጥ የሚከላከል ነገር አለ ወይ? እባካችሁ የምታውቁትን ብቻ ንገሩኝ። የምትሉኝን ነገ ፊቴ ላይ ነው የማደርገው።

---

ቡልጋ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

የካሮት ዘይቱን ተዪው እህቴ። እኔም ገዝቼ ነበር። ፊቴን አወዛው እንጂ ከፀሐይ አላዳነኝም።

---

እማማ ከአንኮበር | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።

የኔ ልጅ፣ በኛ ጊዜ ሰው ዝም ብሎ ቀትር ፀሐይ ላይ አይወጣም ነበር። በተለይ ወጥ ሲያቁላላ የቆየ ሰው፣ ሽታው ሳይለቀው፣ ላቡ ሳይደርቅለት ከወጣ ምች ይመታዋል። ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል፣ ራሱን ይወቅረዋል። ዳማከሴ ታሽቶ ይጨመቅና ከቡና ጋር ይሰጠዋል፣ አናቱም ላይ ይደረግለታል። እሱ ግን ከተመታ በኋላ ነው። ከመመታቱ በፊት መድኃኒቱ መሸፋፈን ነው። እናቴ ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ አውርዳ፣ አጣፍታ ነበር የምትሄደው። እኔም እንደሷው ነኝ። ፊትሽ ላይ ቅጠል ከመለጠፍሽ በፊት ነጠላሽን አውርጂ።

---

ጠባሳ ደብረ ሲና | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

የሞላሌዋ እህቴ፣ ጤና አዳም የሚለውን ሳነብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እባክሽ ፊትሽን እንዳታስነኪው።

የደረሰብኝን ልንገርሽ። ጓሯችን ውስጥ ጤና አዳም አለ። የዛሬ 2 ዓመት እናቴ ለገበያ ልትወስደው ነበርና እጅጌዬን ሰብስቤ አጨድኩላት። ቀኑ ጠራራ ነው። እቅፍ አድርጌ ወደ ቤት አስገባሁት። የዚያን ቀን ምንም አልተሰማኝም። በማግሥቱ ማታ ክንዴ መቅላትና መንደድ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ውሃ ቋጠረ። የሚገርመው ቅርጹ ነው። ቅጠሉ ያረፈበት ቦታ በሙሉ ተሰምሮ ወጣ። አንዱ መስመር ከክርኔ ተነሥቶ እስከ አንጓዬ ይወርዳል፣ በጅራፍ የተገረፍኩ ነበር የምመስለው። ጎረቤት እሳት አቃጠለህ ወይ ይለኛል። መጋኛ ነው ያሉም ነበሩ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ በፈላ ውሃ የተቃጠለ ብለው ቅባት ሰጡኝ። እኔም ሌላ ምክንያት ስላላገኘሁ ተቀበልኩ። ጥቁሩ ሰንበር 5 ወር ቆየብኝ።

ጤና አዳም መሆኑን ያወቅኩት ዓመቱ ዞሮ እህቴ ላይ ያው ሲደገም ነው። እሷ ደመናው በከበደበት ቀን ስታጭድ ምንም አልሆነችም። በፀሐይ ያጨደች ዕለት ብቻ ነው የተነሣባት።

---

መድኃኒት ቀማሚው | ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

ፋርማሲስት ነኝ፣ ደብረ ብርሃን ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ዘገየሁ። ከደብረ ሲናው ወንድሜ ልጀምር።

እህትህ ላይ ያየኸው ልዩነት ዋናው ቁልፍ ነው። ጤና አዳም ውስጥ ሶራሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ጨለማ ውስጥ ቆዳ ላይ ቢውል ብዙም አያስቸግርም። አልትራቫዮሌት ኤ የሚባለው የፀሐይ ጨረር ሲያርፍበት ግን ይነቃና ከሴላችን ዲኤንኤ ጋር ይጣበቃል። ሴሉ ይሞታል፣ ቆዳው ይቆስላል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። አንድ ቀን ገደማ ቆይቶ ይጀምራል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል። ቁስሉ ሲድን ጥቁረቱ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀራል። ቅጠሉ የነካበት ቦታ ብቻ ስለሚቃጠል ነው መስመር የሚሠራው።

ሎሚም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ልጣጩ ላይ ያለው ዘይት ደግሞ ከውስጡ ጭማቂ ይብሳል። ሎሚ በእጁ ጨምቆ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ጣቶቹ መሐል እንዲህ ይሆናል። የበለስ ቅጠልም እንዲሁ ያደርጋል፤ ቁልቋሉን ሳይሆን ዛፉን ማለቴ ነው።

ነገሩን ሐኪሞች ለበጎም ያውሉታል። ለምጥ የወጣበትን ሰው ሶራሊን ሰጥተው፣ ጨረሩን በደቂቃ እየለኩ ያክሙታል፤ ቆዳው ቀለሙን እንዲመልስ። ግን መጠኑ በሐኪም ተለክቶ ነው፤ በጓሮ ቅጠልና በቀትር ፀሐይ አይደለም።

የሞላሌዋ እህቴ፣ ማድያት ያለበት ፊት ላይ ሎሚና ጤና አዳም ማድረግ ማለት ጥቁረት በጥቁረት ላይ መጨመር ነው። በማር መቀላቀሉም አያድንሽም። ዛሬ ተቀብተሽ ከሆነ በሳሙና ታጠቢና 2 ቀን ከፀሐይ ራቂ።

---

የሞላሌዋ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡48

አልተቀባሁም፣ ተመስገን። ሎሚው ግን ተጨምቆ ሳህን ላይ ነበር። ለሻይ አደረግኩት።

---

ባና ለባሹ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡10

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ትንሽ አልስማማም። ተፈጥሮን እንዲህ ማስፈራሪያ ማድረግ ልክ አይመስለኝም። አባቴ 70 አልፎታል። ዕድሜውን ሙሉ መንዝ ላይ አርሷል። ክሬም የሚባል ነገር አያውቅም። ቆዳው ደህና ነው። ጥቁር ሰው ሰንስክሪን ያስፈልገዋል የሚለው ከውጭ የመጣ ንግድ አይደለም ወይ?

---

እማማ ከአንኮበር | ረቡዕ፣ ማታ 2፡35

አባትህን እግዜር ያቆይልህ። ግን ምን ለብሰው እንደሚያርሱ አስታውስ። ባርኔጣ አላቸው። ገሳቸውን ከጓሳ ሣር አሠርተው ዝናቡንም ፀሐዩንም ይመክቱበታል። በጠዋት ጠምደው ቀትር ሲሆን ይፈታሉ። በሬውም ሰውየውም ዛፍ ሥር ነው የሚያርፉት። ክሬም ባያውቁ ጥላ ያውቃሉ።

---

ዕፅዋት አጥኚ | ረቡዕ፣ ማታ 4፡00

እማማ በጣም ትልቅ ነገር ተናገሩ። ባና ለባሹ ወንድሜም ግማሹን እውነት ይዘሃል። ልዘርዝረው፤ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ስለ ቆዳችን። ጥቁር ቆዳ ሜላኒን የሚባለው ቀለም በብዛት አለው። በ1979 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የጥቁርንና የነጭን ሰው የላይኛ ቆዳ አነጻጽሮ ነበር። በጥቁሩ በኩል ያለፈው አልትራቫዮሌት ቢ (ቆዳን በዋናነት የሚያቃጥለው ጨረር) 7.4 በመቶ ነው፣ በነጩ በኩል 24 በመቶ። ኤስፒኤፍ ወደሚባለው የመከላከያ ቁጥር ሲለወጥ ጥቁሩ 13.4 ያህል ሆነ፣ ነጩ 3.4። ስለዚህ አባትህ አብሮት ከተወለደ ጋሻ ጋር ነው የሚያርሰው። ትልቅ ስጦታ ነው። ግን ሜላኒኑ ራሱ ነው ማድያት የሚሆነው። ፀሐይ በነካው ቁጥር ተከላከል ተባልኩ ብሎ ይጨምራል። የሞላሌዋ እህታችን ችግር እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛ ስለ አገራችን። ብርዱ ያታልለናል። የሚሞቀን ጨረርና የሚያቃጥለን ጨረር አንድ አይደሉም። አልትራቫዮሌት አይሞቅም፣ አይታይም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ሰው ከሩብ በላይ ተጨማሪ ጨረር እንቀበላለን ማለት ነው፣ ያውም በጋቢ ተጠቅልለን። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። ጥላህ እግርህ ሥር ይገባል። የነሐሴ ደመና ይከልለናል እንዳትሉ፤ ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል።

አሁን ወደ ዕፅዋቱ። ይሄ የምወደው ክፍል ነው።

ዕፅዋት እንደ አባትህ በሬ ቀትር ላይ ተፈትተው ጥላ ሥር አይገቡም። በበቀሉበት ይቆማሉ። ጓሳ ላይ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚያድረውን ጅብራ አስቡት። ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ይሄ ፀሐይ። ስለዚህ መከላከያቸውን ራሳቸው ይሠራሉ። ቅጠሉ አልትራቫዮሌት ቢን የሚለይበት ዩቪአር8 የሚባል ፕሮቲን አለው። ጨረሩ ሲበዛ ምልክት ይሰጣል፣ ቅጠሉም ፍላቮኖይድ የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች በላይኛው ቆዳው ውስጥ ያከማቻል። እነዚህ ጎጂውን ጨረር ይውጡታል። ለምግብ ሥራ የሚያስፈልገውን ብርሃን ግን ያሳልፉታል። ለጋ ቅጠል ቀይ ሆኖ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ አንቶሲያኒን ነው፣ የዚያው ዘመድ። ቅጠሉ እስኪጠና ድረስ ይጠብቀዋል።

ታዲያ ቅጠሉን ጨምቀን ብንቀባው ለምን አይሠራልንም? ምክንያቱም ቅጠሉ በሴሎቹ ውስጥ በሥርዓት ደርድሮት ነው። እኛ ስንጨምቀው ቀጭን፣ ያልተስተካከለ፣ ቶሎ የሚደርቅ ነገር ነው የምናገኘው። ብዙዎቹም ብርሃንና አየር ሲያገኛቸው ይበላሻሉ። እርድ ውስጥ ያለው ቢጫው ኩርኩሚን ራሱ ፀሐይ ላይ ይፈርሳል። ቀለሙ ፊትሽ ላይ ቢቀርም ጥቅሙ ይሄዳል።

ቢሆንም በደንብ ሲዘጋጁ የሚሠሩ አሉ። ፌሩሊክ አሲድ የሚባለው በስንዴ ፉርሽካ ውስጥ በብዛት ያለ ነገር ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች 15 በመቶ ቫይታሚን ሲ እና 1 በመቶ ቫይታሚን ኢ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ግማሽ በመቶ ፌሩሊክ አሲድ ጨመሩ። በአሳማ ቆዳ ላይ ሲሞክሩት መከላከሉ ከ4 እጥፍ ወደ 8 እጥፍ ዐደገ። ግን ፉርሽካ ፊት ላይ ማሸት እዚያ አያደርስም። አሲዱ ፉርሽካው ውስጥ ታስሮ ነው ያለው። ካቴኪን የሚባለው የአረንጓዴ ሻይ ንጥረ ነገርም እንዲሁ ከተጎዳ በኋላ ያለውን መቆጣት ይቀንሳል። ጨረሩን ከመግባቱ በፊት የሚያቆም ግን አይደለም።

የምትበሉት ነገር ደግሞ አለ። በ2001 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ሰዎች በየቀኑ 40 ግራም የቲማቲም ድልህ በ10 ግራም የወይራ ዘይት እንዲበሉ ተደረገ። 40 ግራም ሁለት ተኩል የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። በ4ኛው ሳምንት ልዩነት አልታየም። በ10ኛው ሳምንት ግን ለጨረር ሲጋለጡ የቆዳቸው መቅላት ካልበሉት በ40 በመቶ አነሰ። ሥራውን የሚሠራው ሊኮፒን የሚባለው ቀዩ ቀለም እንደሆነ ይታመናል። ጥሬ ቲማቲም ውስጥ ሰውነታችን በደንብ አያገኘውም፤ ተቁላልቶ፣ ዘይት ገብቶበት ነው የሚገኘው። እንግዲህ የጾም ስልሳችን ማለት ነው። አሁን የነቢያት ጾም ነው፣ በርቱ። ይሁን እንጂ ስልስ በልቶ ቀትር ላይ ራስን ገልጦ መዋል አይቻልም። ትንሽ ይረዳል፣ በውስጥ በኩል፣ በወራት።

ከመካከለኛው አሜሪካ የሚመጣ የፈርን ዓይነትም አለ፣ ፖሊፖዲየም ይባላል። በእንክብል ይሸጣል። በሰው ላይ ተሞክሮ መቅላትን ቀንሷል። እሱም ከክሬምና ከልብስ ጋር ይጨመራል እንጂ አይተካቸውም።

የካሮት ዘይት 40 ኤስፒኤፍ አለው የሚባለው በሰው ቆዳ ላይ ተለክቶ አይደለም። ካሮቱን ብሉት። ግን ቤታ ካሮቲን በክኒን ለሚወስድ አጫሽ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 ወንድ አጫሾች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ወጣ። በየቀኑ 20 ሚሊግራም የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በዛ። ከተክል መገኘቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

---

ባና ለባሹ | ሐሙስ፣ ጠዋት 12፡50

አንብቤዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ። እማማ ልክ ነዎት፣ አባቴ ከ6 ሰዓት በኋላ አርሶ አያውቅም። እንደ ቁም ነገር አስቤው አላውቅም ነበር።

---

የእንስሳት ሐኪም፣ ቆላ | ሐሙስ፣ ቀን 7፡15

ሸዋ ሮቢት አካባቢ ነው የምሠራው። ስለ ጤና አዳሙ ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

በድርቅ ጊዜ ከብቱ የሚበላው ሲያጣ የወፍ ቆሎ ይበላል። ያ አበባው ቢጫም ሮዝም የሆነው የአጥር ቁጥቋጦ። መርዙ ጉበቱን ይጎዳዋል። ከብት የሚበላው ሣር ውስጥ ያለው አረንጓዴ ቀለም ሲፈጭ የሚወጣውን ተረፍ በደህና ጊዜ ጉበት ነው የሚያስወግደው። ጉበት ሲታመም ያ ተረፍ ደሙ ውስጥ ይቀራል፣ በደም ቆዳ ሥር ይደርሳል። ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳውን ከውስጥ ያቃጥለዋል።

አንድ ቡሬ በሬ አምጥተውልኝ ነበር። ጥቁሩ ቦታ ደህና ነው። ነጩ ቦታ ብቻ እንደ ዛፍ ልጣጭ ተነሥቷል። ድንበሩ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ባለቤቱ ሰው ፈላ ውሃ ደፋበት ብሎ ጎረቤቱን ሊከስ ነበር። በሬውን ጨለማ በረት አስገብተን፣ የወፍ ቆሎውን ከልክለን፣ ቁስሉን እያከምን አተረፍነው። ሜላኒን ምን እንደሚሠራ እንደዚያ ቀን ገብቶኝ አያውቅም።

---

የሁለት ልጆች እናት | ሐሙስ፣ ማታ 2፡00

በሬው ላይ ያልከውን ሳነብ አለቀስኩ።

ትልቁ ልጄ አልቢኒዝም አለበት። 7 ዓመቱ ነው። መረሬ አፈር ባለበት አገር፣ ሞረት ነው የምንኖረው፤ ዛፍ ብዙ የለም። ትምህርት ቤት በእግሩ 40 ደቂቃ ይሄዳል። ጆሮው ጫፍና ማጅራቱ ሁልጊዜ የተላጠ ነው። ሰው ሁሉ ቅጠል ያዝዝልኛል። እሬት፣ ቅቤ፣ የኑግ ዘይት። ሁሉንም ሞክሬያለሁ። እሬቱ ማታ ያበርድለታል፣ እውነቴን ነው፣ እንቅልፍ ይሰጠዋል። ጠዋት ቀብቼው ስልከው ግን ያው ተቃጥሎ ይመጣል። ምን ላድርግ?

---

መድኃኒት ቀማሚው | ሐሙስ፣ ማታ 2፡50

እህቴ፣ አይዞሽ። እሬቱ ማታ የሚያበርድለት እውነት ነው። አሎ ደብራና የሚባለው የኢትዮጵያ ብቻ የሆነው እሬት እዚሁ ሰሜን ሸዋ ይበቅላል። የቅጠሉ ውስጥ እንደ ውሃ የጠራው ዝልግልግ የተቃጠለ ቆዳን ያለሰልሳል። ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ግን ቆዳ ስለሚቆጣው፣ ቆርጠሽ አቁመሽ እስኪንጠባጠብ ጠብቂ። ጠዋት ግን እሬት አይከላከልለትም። ቅቤም ኑግም አይከላከሉም። ቆዳ ያርሳሉ እንጂ ጨረር አያቆሙም።

ያንቺ ልጅ ሜላኒኑ ስለሌለ ወይም በጣም ጥቂት ስለሆነ ከሌሎቻችን ጋር አንድ አይደለም። ለሱ ሰንስክሪን መድኃኒት ነው እንጂ መዋቢያ አይደለም። 30 ኤስፒኤፍ ከአልትራቫዮሌት ቢ 97 በመቶ ያህሉን ያቆማል፣ 50ው 98 በመቶ። ስለዚህ በ30ና በ50 ልዩነት አትጨነቂ፣ ያገኘሽውን ውሰጂ። ወፍራም አድርጎ መቀባትና በየ2 ሰዓቱ መድገም ነው ዋናው። ክሬሙ ውድ ስለሆነ ልብስ የማይደርስበት ቦታ ላይ ብቻ አውይው፤ ፊቱ፣ ጆሮው፣ ማጅራቱ፣ የእጁ ጀርባ። ሌላውን ረዥም እጅጌና ሱሪ ይሸፍነው። ልብሱን ወደ ፀሐይ ዘርግተሽ እዪው። ብርሃን ካሳለፈ ጨረርም ያሳልፋል። ስስ ነጠላ አንድ እጥፍ ከሆነ አይበቃም። ክፍል ውስጥ መስኮት ዳር አይቀመጥ፣ መስታወት አልትራቫዮሌት ኤን ያሳልፋል። ከወር በላይ ያልዳነ ቁስል ካለበት ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትዪ ለቆዳ ሐኪም አሳዪው። ዓይኑንም እንዲሁ።

ለሞላሌዋ እህቴም ያልመለስኩት አለ። ማድያትን አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን የሚታየውም ብርሃን ያጠቁረዋል። ስለዚህ ክሬም መግዛት የቻልሽ ቀን የቆዳ መልክ ያለውን፣ ቀለም የገባበትን ምረጪ። ውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ የሚታየውንም ብርሃን ይይዛል። የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስጂ ከሆነ ማድያቱን ሊያብሰው ስለሚችል ጤና ባለሙያ አማክሪ። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ የታዘዘልሽ ሰሞን ከፀሐይ በጣም ተጠንቀቂ፤ ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል።

ፊት የሚያቀላ ክሬም ደግሞ በፍጹም። ሜርኩሪ ወይም ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ፣ ጽሑፋቸው ላይ ሁልጊዜ አይገለጽም። መጀመሪያ ፊት ይጠራል፣ ሰው ያመሰግናል። ኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ፀሐይ መቋቋም ያቅተዋል። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው የሚያለቅሱ እህቶች ብዙ ጊዜ የሚመጡት በዚህ ነው። ከቃሌ በላይ ከልቤ ነው የምለው።

---

ጠባሳ ደብረ ሲና | ሐሙስ፣ ማታ 3፡10

ጤና አዳሙን አሁን ፀሐይ ሳይወጣ፣ በረዥም እጅጌ ነው የማጭደው። እናቴም ገዢዎቿን የሕፃን ገላ አታሹበት እያለች ትሸጣለች።

---

ዕፅዋት አጥኚ | ሐሙስ፣ ማታ 3፡30

እማማ፣ ስለ ምች ሳስብ አደርኩ። ከንፈር ላይ ውሃ የሚቋጥረው ቁስል የሄርፒስ ቫይረስ ነው። አንዴ ከገባ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ጠንካራ ፀሐይ መሆኑ በሕክምና የታወቀ ነው። እናቶቻችን ቫይረሱን ባያዩትም ፀሐዩን አይተውታል።

---

እማማ ከአንኮበር | ሐሙስ፣ ማታ 3፡55

ተባረክ ልጄ። የወጡ ሽታስ?

---

ዕፅዋት አጥኚ | ሐሙስ፣ ማታ 4፡02

የሽታውን ማብራሪያ አላገኘሁለትም እማማ። ካገኘሁ እዚሁ እጽፍልዎታለሁ።

---

የሞላሌዋ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ 1፡40

ሰላም ናችሁ? ያደረግኩትን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት።

እኔ ባለሁበት ቀበሌ ስፌት የምትሰፋ ሴት አለች። ሌማትና ሰፌድ ነው የምትሰፋው። ባርኔጣ ስፊልኝ አልኳት። ሳቀች። የሰው ራስ ሰፍቼ አላውቅም አለችኝ። መጀመሪያ የሠራችው የመሶብ ክዳን ሆነ። ሁለተኛው ጠበበኝ። ሦስተኛው ልክ መጣ። አክርማውን በስንደዶው ላይ በወስፌ አጥብቃ ጠቅልላዋለች። ዳርቻው አንድ ስንዝር ነው፣ አንገቴን ከኋላ ይሸፍናል። ፋርማሲስቱ እንዳለው ወደ ፀሐይ አንሥቼ አየሁት። የመርፌ ቀዳዳ ታህል ብርሃን አያሾልክም። ነፋስ እንዳይወስደው ከአገጬ ሥር የሚታሰር ጨርቅ አደረገችበት።

የማሳ ዙረቴን ከንጋት እስከ 4 ሰዓት አደረግኩት፣ ከዚያ 10 ሰዓት ላይ እቀጥላለሁ። ገበሬዎቹም ተመችቷቸዋል። ከደመወዜ ቆጥቤ አንድ ቀለም ያለው ክሬም ገዛሁ፣ ለፊቴ ብቻ ነው የማውለው። ማድያቱ አልጠፋም። ግን ሰፋ አላለም፣ ማታ ስታጠብም አይለበልበኝም። ስልሱን እየበላን ነው።

የሁለት ልጆች እናት፣ አንቺን ነበር የፈለግኩት። ስፌተኛዋ ለልጅሽ አንድ ልትሠራለት ተስማምታለች፣ ሂሳቡን እኔ እችላለሁ። ከግንባሩ በላይ በጆሮው ላይ አዙረሽ ለኪና በሴንቲሜትር ላኪልኝ። ጆሮውን እንዲሸፍንለት ዳርቻውን ታወርደዋለች።

---

የሁለት ልጆች እናት | እሑድ፣ ማታ 2፡25

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። አሁን ተኝቶ እያለ ለካሁት። 52 ነው። ቀይ ጥለት ቢኖርበት ደስ ይለዋል።